ሰባራ ድልድይ፦ የድንጋይና የገመድ ሙያ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ አዲስ አበባ አይወርድም። በሲቢሉ በኩል ሙገርን ያገኛል፤ ሙገርም ገደሉን ይዞ ወርዶ ለዓባይ ያስረክበዋል። ቡራዩና ሰበታ ላይ የዘነበው ደግሞ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ አዋሽ ይገባል። የውሃው መንገድ ይለያይ እንጂ በሁለቱም ወገን ያለ ሰው የለመደው ድልድይ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ጎን ለጎን ተጋድሞ፣ በሽቦ ታስሮ፣ አፈር ለብሶ። በጋውን ሙሉ ልጅም ከብትም ይመላለስበታል። ሐምሌ ሲገባ ጅረቱ ይሞላና ግንዱን ይዞት ይሄዳል። መስከረም ላይ ሌላ ግንድ ይቆረጣል።

ግንድ የሚያገለግለው ቁመቱ እስከደረሰበት ድረስ ነው። ወንዙ ከግንዱ ከሰፋ ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ ከታች ድንጋይ ገንብቶ ማሳለፍ፣ ወይ ከላይ ገመድ ወጥሮ ማንጠልጠል። እነዚህ ሁለት ሙያዎች በአገራችን አንድ ወንዝ ላይ፣ አንድ አካባቢ ተገናኝተው የሚታዩበት ቦታ አለ። ከሱሉልታ ተነስቶ ጫንጮንና ጎሃ ጽዮንን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን የወጣ መንገደኛ በቢቸና አድርጎ ሞጣ ይደርሳል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው የእግር መንገድ ሰባራ ድልድይ ወደሚባለው ስፍራ ይወስዳል። ማዶው ደቡብ ጎንደር ነው።

ስለዚህ ቦታ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው የነገሥታቱና የጦርነቱ ታሪክ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የእጅ ሥራው ነው፤ ድንጋዩን የጠረበው፣ ገመዱን የፈተለው፣ ብሎኑን ያጠበቀው ሰው ሥራ። ስማቸው የትም አልተጻፈም፤ ያወቁትን ግን ከሥራቸው ላይ ማንበብ ይቻላል።

ድንጋዩ የአፄ ፋሲል ዘመን ሥራ ነው። ፋሲል የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነው። እንደ ሌሎቹ የዘመኑ ድልድዮች ይህም በብዙዎች አፍ «የፖርቹጋል ድልድይ» ይባላል፤ ነገር ግን ከፖርቹጋሎች ወገን የነበሩትን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ከአገር ያስወጡት ራሳቸው ፋሲል ናቸው። ሙያው ከእነርሱ ጋር አልወጣም፣ እዚሁ ቀረ። ኖራ አቃጥሎ ድንጋይ ማያያዝ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ተለምዶ ነበር፤ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ በ1620ዎቹ የተሠራ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 አላታን አይቶ ከጻፈው ውስጥ አንዱ ነገር የቅስቱ እግሮች ጠንካራው አለት ውስጥ ገብተው መቀመጣቸው ነው። ብሩስ ያየው ትክክለኛውን ነገር ነው፤ የሥራው ግማሽ እዚያ ላይ ያልቃል።

ድልድይ የማያውቅ ሰው ቦታ ምረጥ ቢባል ውሃው ጸጥ ያለበትን፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለውን ይመርጣል። የፋሲል ግንበኞች የመረጡት ተቃራኒውን ነው። ዓባይ በጥቁር አለት መሐል ተጨምቆ፣ ጠቦ፣ እየጮኸ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሄዱ። ለዓይን የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ለግንበኛ ግን የሚመቸው ይህ ነው። ወንዙ በሺህ ዓመታት ሊበላው ያልቻለው አለት ለእነርሱ መሠረት ሆነ። ሰፊው ቦታ ላይ ቢሄዱ ኖሮ አሸዋ ላይ ይገነቡ ነበር፤ አሸዋ ላይ የቆመ ምሰሶ ደግሞ ዕድሜው በክረምት ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ ቅስቱ ይመጣል። ድንጋይ ቢጫኑት ይችላል፣ ቢጎትቱት ግን ይበጠሳል። ስለዚህ ግንበኛው ድንጋዩ የሚጫን ብቻ እንጂ የሚጎተት እንዳይሆን አድርጎ መደርደር አለበት። እያንዳንዱ ጥርብ ድንጋይ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። ከሁለቱም ዳር እየተደረደረ ወደ አናት ይወጣል፤ እስከዚያ ድረስ የሚሸከመው ከሥር የተተከለው የእንጨት ደጋፊ ነው። የመጨረሻው የአናት ድንጋይ በመዶሻ ተመትቶ ሲገባ ሥራው ባለቤት ይቀይራል። እንጨቱ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ቅስቱን የሚይዘው የራሱ ክብደት ነው። ጭነት ሲጨመርበት ድንጋዮቹ ይበልጥ ይጣበቃሉ። አንድ ድንጋይ እንኳ ማዕዘኑ ከተሳሳተ ጭነቱ በጠርዙ ያልፍና ጠርዙ ይፈረፈራል። ስለዚህ የጠራቢው ዓይን ከመዶሻው ይልቅ ይከብዳል።

በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ አካባቢ በሆነ እሳት ሲቃጠል ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ውሃ ሲጨመርበት እየፈላ ይፈርሳል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ድንጋይ መካከል ሲገባ ደግሞ ያንኑ ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ይህ በቀናት አያልቅም፤ ግድግዳው ከወፈረ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ኖራው ጥቂት ይለሰልሳል፤ ግንቡ ጥቂት ሲቀመጥም አብሮት ይቀመጣል፣ አይሰነጠቅም። ሲሚንቶ ይህ ትዕግሥት የለውም። ከኖራው ጋር እንቁላል ተቦክቷል የሚል ወግ በየጥንታዊ ድልድዩ ይነገራል፤ ወደ ጎጃም ሲኬድ ደብረ ሊባኖስ ላይ በራስ ዳርጌ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ የሚያስጎበኙም ይህንኑ ያወራሉ። እንቁላል ገባም አልገባ፣ እኔ ምስጋናውን የምሰጠው ለኖራ አቃጣዩ ነው። እሳቱን ቀን ከሌት የጠበቀ እሱ ነው።

በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ከቅስቶቹ አንዱ ተሰበረ። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። የተሰበረውን ቅስት ሁሉም ያያል፤ እኔ ትኩረት እንዲሰጠው የምፈልገው ሌላውን ነው፤ የቀሩት ቅስቶች ተከትለው አልወደቁም። ጎን ለጎን ያሉ ቅስቶች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ አንዱ ሲጠፋ የጎረቤቱን ግፊት የሚመልስለት የለም። መካከላቸው ያለው ምሰሶ ቀጭን ከሆነ ያን ግፊት መቋቋም ያቅተውና ተራ በተራ ይፈርሳሉ። የዚህ ድልድይ ምሰሶዎች ግን ብቻቸውን መቆም እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ወፍራም ናቸው። ግንበኛው አንድ ቀን አንዱ ቅስት ሊጠፋ እንደሚችል አስቦ ይሁን፣ ወይም ቅስቶቹን ተራ በተራ ስለገነባ እያንዳንዱ ምሰሶ ለብቻው መቆም ስላስፈለገው ይሁን፣ ያ ውፍረት ከ270 ዓመት ገደማ በኋላ ዋጋውን አሳየ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የገመድ ዘመን ነው። ክፍተቱ በሁለቱ የተሰበሩ ጫፎች መካከል አፉን ከፍቶ፣ ከሥሩ ዓባይ እየጮኸ፣ ሰው ግን ወደ ሞጣ ገበያ መሻገር አለበት። በሁለቱም ጫፍ ጎበዛዝት ቆሙ። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ የዚህ ማዶዎቹ ይለቁለታል፣ የዚያ ማዶዎቹ ይጎትቱታል፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። እህሉም፣ ፍየሉም፣ ሰዉም እንዲሁ ነው ያለፈው። ይህ እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ቀጥሏል።

ይህን የድህነት ማሳያ አድርጎ ብቻ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። አደገኛ ነበር፣ ሰውም በልቷል፤ ግን ሙያም ነበር። ቋጠሮው የማይፈታ ሆኖ ወገብ የማይቆርጥ መሆን አለበት። ጎታቹና ለቃቂው በአንድ ልብ ካልሠሩ ተሻጋሪው መሐል ላይ ይወርድና ከተሰበረው ድንጋይ ጋር ይላተማል። ገመዱ ራሱ ደግሞ የፈታዩ ሥራ ነው። ቃጫ የሚፈትል ሰው እጅ ላይ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሁለቱን ክር ለየብቻ ወደ ቀኝ ያከርራል፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ወደ ግራ ይገምዳል። እያንዳንዱ ክር ወደ ግራ ለመፈታት ይታገላል፤ መፈታቱ ግን ግምዱን ይበልጥ ያጠብቀዋል። መፈታት የሚፈልጉ ሁለት ነገሮች አንዱ ሌላውን አስሮ ያስቀራል። ገመድ ጫፉ እስካልተበተነ ድረስ ራሱን የሚቆልፈው በዚህ ነው።

ሰው በገመድ ሲጎተት የሚያሳየው ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በታኅሣሥ ወር 2000 እ.ኤ.አ. እትም ስለ ዓባይ በተጻፈ ሐተታ ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ተቋራጭ አየው። በ2001 «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የሚል ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት ደፈነው። ወደ ሸለቆው መኪና ስለማይወርድ ብረቱና ሲሚንቶው በአህያና በሰው ጀርባ ነው የወረደው። ሰባራው ተጠገነ ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው።

የተጫነው ብረት ደካማ ስለነበር አይደለም። ብረቱ የተቀመጠው የፋሲል ድንጋይ ባለበት ከፍታ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከዚያ በላይ ወጣ። ድንጋይ ከባድ ነው፣ ውሃ ላዩ ላይ ቢያልፍም በቦታው ይቆያል። ቀላል ብረት ግን ጎርፍ ሲመታው የሚይዘው ክብደት የለውም። ወንዙን አውቃለሁ ላለ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነበር። ድርጅቱ ተመልሶ ሲመጣ ከወንዙ ጋር መታገሉን ተወ፤ ከሙላቱ በላይ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሮ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ዘረጋ። ሰዉ ለስልሳ ዓመታት በገመድ ሲያልፍበት የነበረው ወንዝ እንደገና በገመድ ተሻገረ፤ አሁን ግን ገመዱ የብረት ነው፣ ተሻጋሪውም በእግሩ ይሄዳል።

ተንጠልጣይ ድልድይን ከሩቅ የሚያይ ሰው ቀጭን፣ ቀላል፣ ቶሎ የተሠራ ነገር ይመስለዋል። ሙያው ስለማይታይ ነው። መጀመሪያ ዝቅታውን እንይ። መሐሉ ወደ ታች ረገብ ብሎ የተሠራው ገንዘብ ወይም ጉልበት አንሶ አይደለም። የልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ አድርጎ ለመወጠር የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ እርጥብ ጋቢ ሲሰቀልበት ምሰሶው ይጎብጣል ወይም ገመዱ ይበጠሳል። በድልድይ ላይ ሒሳቡ ይኼ ነው። 50 ሜትር የሚረዝም ድልድይ ወለሉም ላዩ ላይ ያለው ሰውም በአንድ ሜትር 300 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላ ክብደቱ 15 ቶን ነው። ገመዱ መሐል ላይ 2.5 ሜትር ዝቅ እንዲል ከተተወ ገመዶቹን በአግድም የሚጎትተው ኃይል 37 ቶን ተኩል ይሆናል፤ ከራሱ ከክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል። ዝቅታውን በግማሽ ብንቀንሰውና 1.25 ሜትር ብናደርገው ጉተታው 75 ቶን ይደርሳል። ድልድዩ ለዓይን ቀጥ እንዲል የሚፈልግ ሰው ሳያውቀው ገመዱን እያስጨነቀ ነው። በጣም ከረገበ ደግሞ ዳርና ዳሩ ቁልቁለት ይሆንና ጭነት የያዘ አህያ ያዳልጠዋል፤ ወለሉም ይወዛወዛል። ትክክለኛው ልክ በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ ገመድ ወጣሪው የሚለካው እሷን ነው። ሲወጥርም ባዶውን ገመድ ሆን ብሎ ከልኩ ከፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ወለሉ ሲጫን ወርዶ ልኩ ላይ እንዲያርፍ።

አሁን ወደ ገመዱ ጠጋ እንበል። የብረት ገመድ የተሠራው በዚያው በቃጫ ፈታዩ ብልሃት ነው። ቀጫጭን ሽቦዎች ተገምደው አንድ ዘለላ ይሆናሉ፤ ዘለላዎቹ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ተገምደው ገመድ ይሆናሉ። ከዚህ የተነሳ አንድ የሚያምር ነገር ይታያል፤ ዘለላዎቹ ሰያፍ ሲሄዱ በላያቸው ላይ የሚታዩት ሽቦዎች ግን ከገመዱ ርዝመት ጋር ቀጥ ብለው የተኙ ይመስላሉ። ሁለቱ ጥምዘዛዎች ተጣፍተው ነው። እንዲህ ያለውን ገመድ በጨርቅ ይዞ ማሸት የቆየ የባለሙያ ዘዴ ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ እጅ የሞከረ መዳፉን ይከፍታል።

እንዲህ ላሉ የገጠር ድልድዮች ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገመድ አዲስ አይደለም፤ በመርከብ ወደብ ክሬን ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው። አሮጌ ገመድ ላይ ሰው ማሳለፍ የሚያሳስበው ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ክሬን ላይ ያለ ገመድ በየቀኑ በመዘውር እየዞረ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ የሚያደክመው ይህ መታጠፍ ነው። ድልድይ ላይ ሲወጠር ግን አይታጠፍም፣ ባለበት ይቆያል። ለአንዱ ሥራ የደከመ ገመድ ተመርምሮ ለሌላው ሥራ ይበቃል። ይህን ያሰበውን ሰው አደንቃለሁ።

ከሁሉም በላይ እኔ ዓይኔን የምተክልበት ቦታ የገመዱ ጫፍ ነው። ገመዱ ከመሬቱ ማሰሪያ ላይ ዞሮ ይመለስና ጫፉ ከራሱ ጋር በክላምፕ ይያያዛል። ክላምፕ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ እንደ ቀለበት የታጠፈ ብሎን፣ ሌላው ለገመዱ ቦይ የተበጀለት ጀርባ ነው። ሁለቱ በሁለት ዳዶ ይጣበቃሉ። የታጠፈው ብሎን ገመዱን ይቆነጥጠዋል፤ ቦይ ያለው ጀርባ ግን አቅፎ ይይዘዋል። እንግዲህ ጎን ለጎን ከተኙት ሁለት ገመዶች አንደኛው ጭነቱን የሚሸከመው ነው፣ ሌላው የተመለሰው ጫፍ ነው። ጀርባው በጭነት ተሸካሚው በኩል መዋል አለበት፤ የሚቆነጥጠው ብሎን በጫፉ በኩል። ቢገለበጥ ቆንጣጩ ሕይወት የተንጠለጠለበትን ገመድ ይጎዳዋል። በክላምፕና በክላምፕ መካከል የገመዱን ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ርቀት ይተዋል። ደግሞ አንድ ጊዜ አጥብቆ መሄድ አይበቃም፤ ገመድ ጭነት ሲያርፍበት ይጠብቃል፣ ይቀጥናል፣ ዳዶው ይላላል። ድልድዩ ከተጫነ በኋላ መፍቻ ይዞ ተመልሶ እያንዳንዱን ማጥበቅ ግድ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ድልድይ ጫፍ ላይ ሲደርስ በአንድ አፍታ የሠራተኛውን ጠባይ ያነባል። ክላምፖቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረው፣ ርቀታቸው እኩል ሆኖ፣ ዳዶዎቹ በቅባት ተለቅልቀው ከተሰለፉ፣ እዚያ ሥራ ላይ የዋለው ሰው ማታ ወደ ቤቱ የሄደው ሁለተኛ አይቶ ነው። አንዱ ተገልብጦ ከተገኘ ግን ያን ቀን አንድ ሰው ተቻኩሏል።

ከክላምፑ ቀጥሎ ያለው ክፍል ጭራሽ አይታይም፤ መሬት ውስጥ ነው። ገመዱ የሚያስረክበውን ያን 37 ቶን ተኩል የሚቋቋመው የተቀበረ አርማታ፣ ላዩ ላይም የተቆለለ ድንጋይና አፈር ነው። በ1850 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አንዤ ከተማ ማዕበል እየነፈሰ ወታደሮች ተንጠልጣይ ድልድይ ሲሻገሩ ድልድዩ ወረደና ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሽቦዎቹ ማሰሪያው ውስጥ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ በዝገት ተበልተው ነበር። ለዚህ ነው ጥሩ ማሰሪያ የሚሠራ ሰው ከጥንካሬው እኩል ስለ ውሃ የሚያስበው፤ ዝናቡ ወዴት ይፈስሳል? ገመዱ መሬት የሚገባበት አንገት ላይ ውሃ ይቋጥራል ወይ? መርማሪ መጥቶ ሊያየው ይችላል ወይ? የተቆፈረች አንዲት የውሃ መውረጃ ቦይ ድልድዩን ከማናቸውም ብረት በላይ ታኖረዋለች።

ወለሉ ላይ ደግሞ የገበሬውን ኑሮ ያወቀ ሰው እጅ ያስፈልጋል። ጣውላዎቹ ከተራራቁ የአህያ ኮቴ ይገባል፤ አንዴ እግሩ የተያዘ አህያ ሁለተኛ ያንን ድልድይ አይረግጥም፣ ቢደበደብም። በጣም ከተጠጋጉ ደግሞ ዝናብ ያሳብጣቸውና ይጣመማሉ። ስለዚህ ጣት የማታስገባ፣ ውሃ የምታሳልፍ ክፍተት ትተዋለች። በጎን በኩል ሽቦ መረብ ይወጠራል፤ ለትልቅ ሰው እጀታው ይበቃዋል፣ መረቡ ለልጅና ለበግ ነው። የወለሉን ገመድ ከእጀታው ገመድ ጋር የሚያያይዙት በእጅ የታጠፉ ፌሮዎች ናቸው። ፌሮ ቀጥ ባለ ማዕዘን በአንድ ምት ከታጠፈ ክርኑ ላይ ይሰነጠቃል፤ በክብ ብረት ላይ ተጠምጥሞ ቀስ ብሎ ከታጠፈ ግን ይኖራል። አንድ ድልድይ ላይ እንዲህ ያለ መታጠፊያ በመቶዎች የሚቆጠር አለ፤ አንዱም እንዳይሰነጠቅ አድርጎ ያጠፈ ወጣት ሥራውን ያውቃል።

ሰው ሲሻገር ድልድዩ ይወዛወዛል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ገመድ ጭነቱ ባለበት ሁሉ ቅርጹን እየቀየረ ነው የሚሸከመው። አደጋው ብዙ እግር በአንድ ምት ሲረግጥ ነው። በ1831 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ብሮተን ላይ ወታደሮች በአንድ እርምጃ እየዘመቱ ሲያልፉ ድልድዩ ወርዷል፤ ከዚያ በኋላ ወታደር ድልድይ ላይ እርምጃውን እንዲበትን ታዘዘ። የገበያ ሰው ይህን ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዷ እንስራ አዝላለች፣ አንዱ ጥጃ ይጎትታል። እርምጃቸው ድሮም አንድ አይደለም።

ድልድይ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ጥበቃው ነው። በፔሩ አገር፣ አፑሪማክ ወንዝ ላይ፣ ቄስዋቻካ የሚባል 28 ሜትር ያህል የሚረዝም የሣር ድልድይ አለ። ከኢንካዎች ዘመን ጀምሮ በዚያው ዘዴ ይሠራል። በሁለቱም ማዶ ያሉ ማኅበረሰቦች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሣሩን ያጭዳሉ፣ ይፈትላሉ፣ ይገምዳሉ፤ አሮጌውን ቆርጠው ወንዝ ውስጥ ይጥሉና አዲሱን ይዘረጋሉ። ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. ሙያውን በቅርስነት መዘገበው፤ የመዘገበው ገመዱን ሳይሆን በየዓመቱ የሚደረገውን ሥራ ነው። እዚያ ጥገናና ግንባታ አይለያዩም። ሣር እንደሚበሰብስ ስለሚያውቁ አይዘናጉም። እኛ ግን የብረት ገመድ ስናይ ለዘላለም የተሠራ ይመስለንና እንተወዋለን። የብረት ገመድም ይዝጋል፤ ዕድሜው ከሣሩ ቢረዝምም ያለ ጠባቂ አይኖርም።

በዓባይ ላይ ዛሬ ታላላቅ ድልድዮች አሉን። ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 303 ሜትሩ የሕዳሴ ድልድይ አለ፤ ባሕር ዳር ላይ በ2024 እ.ኤ.አ. የተመረቀው 380 ሜትሩ አለ። ሁለቱም በገመድ የተያዙ ናቸው፣ ሁለቱም ያኮራሉ፤ መሐንዲስም ጠባቂም አላቸው። ሸለቆ ውስጥ ለተሰቀለው የእግረኛ ድልድይ ግን ያለው ጠባቂ የሚሻገርበት ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የሰባራ ድልድይ የድንጋይ ቅሪት ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦና የዛፍ ሥር በየዓመቱ ይነቀል፤ ኖራ የሚያፈርሰው ጎርፍ ብቻ አይደለም፣ ሥርም ነው። የኖራ ሥራ የሚያውቁ ግንበኞች እያሉ ስንጥቁ በኖራ ይደፈን፤ በሲሚንቶ አይለጠፍ። ተንጠልጣይ ድልድይ ባለበት ቀበሌ ሁሉ መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ የሠለጠነ ወጣት መፍቻ፣ ቅባትና ጥቂት ጣውላ ይዞ ይውጣ፤ ወጪው ከአንድ ቀን የሠርግ ድንኳን ኪራይ አይበልጥም። የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ብየዳውንም አርማታውንም ይማራሉ፤ በየክረምቱ ግንድ በሚበላው ጅረት ላይ ሃያ ሜትር የምትሆን አንዲት ተንጠልጣይ ድልድይ የመመረቂያ ሥራቸው ብትሆን ሰፈሩም ይጠቀማል፣ እነሱም እጃቸውን ይፈትሻሉ።

አንባቢዎችም ድርሻ አላችሁ። የትም ቦታ በገመድ ድልድይ የምትሻገሩ ከሆነ ከመርገጣችሁ በፊት ጫፉ ላይ ቆም በሉና ክላምፖቹን ተመልከቱ። የላላ ዳዶ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ካያችሁ ለቀበሌው ሳትናገሩ አትለፉ።